መቀርቀሪያ የተባለችው ተከላካይ

የስፖርት አስተማሪው በአንድ የተቀደደ ጆንያ ሙሉ ያረጁ የሆኪ ዱላዎች ይዞ ግቢው ውስጥ ሲገባ፣ ልጃገረዶቹ ጨዋታውን ከነስሙም አያውቁትም ነበር። ዱላዎቹ ጫፋቸው እንደ ማንኪያ የተቆለመመ፣ እጀታቸው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ የተላላጠ ነው። አስተማሪው አንዲት ነጭ ኳስ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ሕጉ ቀላል ነው» አለ። «በዱላው ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ትመታላችሁ። በእግር መንካት ክልክል ነው። እዚያ ማዶ መረቡ ውስጥ ካስገባችሁ ጎል ነው። አጥቂ መሆን የምትፈልግ ማናት?»

ሁሉም እጃቸውን አወጡ። የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ልጅም አወጣች። አስተማሪው ግን ይህችን አጠር ደልደል ያለች ልጅ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «አንቺ ከኋላ» አላት።

ከኋላ መቆም ቅጣት መሰላት። አኩርፋ ቆመች፤ በዚያው በቆመችበት ዕድሜ ልኳን የሚሆን ሙያ አገኘች።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። አንዷን ያልፋሉ፣ ሌላዋን ያልፋሉ፣ እሷ ጋ ሲደርሱ ግን ነገሩ ያበቃል። አታሳድድም። ጎንበስ ብላ ዱላዋን መሬት ላይ አንጥፋ ትጠብቃለች፤ ኳሱ ከባለቤቱ ዱላ ስንዝር ራቅ ሲል ጠለፍ ታደርገውና ትወስደዋለች። አንዷ አጥቂ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን ስትቀር፣ አራተኛ ላይ ሜዳው መሀል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከበሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ «እኔ ስዘጋው የኖርኩት በር እንኳ እንደዚህች ልጅ ጥርቅም አይልም፤ መቀርቀሪያ ናት» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ሆነች። ውሎ አድሮ እሷም ተወችው።

እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። የሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤቱ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ያለው ጠባብ ክፍል አላት፤ ከጣሪያው እስከ ወለሉ የሰው ሳሎንና የሰው መኝታ ቤት ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። ልጅቱ ጉልበቷ ተልጦ፣ ካልሲዋ ጭቃ ጠጥቶ ስትመለስ፣ እናቷ ከመኪናው ቀና ሳትል፣ «አገባሽ?» ትላታለች።

«አላገባሁም።»

«ዛሬም?»

«እማዬ፣ የእኔ ሥራ ማግባት አይደለም። እንዳይገባ ማድረግ ነው።»

«ታዲያ ሌሎቹ እያገቡ አንቺ በር ስትጠብቂ ልትኖሪ ነው?»

ዕድሜዋ ከፍ ሲል ጥያቄው ራሱ መልኩን ለወጠ። መጋረጃ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው፣ «ያቺ ልጅሽ አላገባችም እንዴ?» ይላሉ። እናቷም የትኛውን ማግባት እንደሆነ ለመለየት ሲቸግራት፣ «ተከላካይ ናት» ብላ ትገላገላቸው ጀመር። ሴቶቹ ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ሳይገባቸው፣ «እግዜር ይማራት» ብለው ይሄዳሉ።

አባቷ ግን ሌላ ነው። የሚነዳው የከተማ አውቶቡስ በአንድ የሆኪ ክለብ ሜዳ አጥር ሥር ያልፋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ክለቡ ወሰዳትና ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወት ስትጀምር፣ አባቷ እዚያች ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቶ ከልኩ በላይ መቆየት አመጣ። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም፣ «ሰው እየመጣ ነው» ይላል። የሚመጣ ሰው የለም። ከጊዜ በኋላ የመስመሩ ደንበኞች ነገሩ ገባቸውና ራሳቸው በመስኮት አንገታቸውን እያሰገጉ፣ «ስንት ለስንት ናቸው?» ማለት ጀመሩ። አንዲት ጎልማሳ ነጋዴማ ሁልጊዜ በግራ በኩል ትቀመጥ ነበር፤ ሜዳው የሚታየው በዚያ በኩል ስለሆነ።

ክለቡ ውስጥ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋን አገኘች። ልጅቱ በረኛ ናት። የሆኪ በረኛ ከእግር ጣቷ እስከ ደረቷ ወፍራም ስፖንጅ ትለብሳለች፤ ይህችኛዋ ደግሞ ሲፈጥራትም ሰፋ ያለች ስለሆነች፣ ለብሳ ስትወጣ ተጠቅልሎ የቆመ ፍራሽ ነው የምትመስለው። ፍራሽ ብለው ጠሯት፤ አልተቀየመችም። «በእኔ ላይ ኳስ ይተኛል እንጂ አያልፍም» አለች። እነዚህ ሁለቱ አንዷ ፊት ሌላዋ ኋላ ሆነው ሲቆሙ፣ የተጋጣሚ አጥቂዎች ጨዋታው ሳይጀመር ፊታቸው ይከፋል።

ሆኪ ግን ሆድ አይሞላም። ስለዚህ መቀርቀሪያ ሙያ ተማረችና ሆስፒታል ተቀጠረች፤ ስብራት የሚታሰርበት የጄሶ ክፍል። ቀን የተሰበረ እጅና እግር ታስራለች፣ ከሥራ ወጥታ ደግሞ ሊሰብራት በሚመጣ ኳስ ፊት ትቆማለች። እዚያው ኮሪደሩ ጫፍ የራጅ ክፍል አለ። የራጅ ባለሙያው ዝምተኛ ልጅ ነው። መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷን፣ ኋላ ጎድኗን አነሳላት። የሆስፒታሉ ሰው፣ «ይህ ልጅ ከፊቷ በፊት አጥንቷን ነው የወደደው» ይላል፤ ሐሰትም አይደለም።

ብሔራዊ ቡድኑ የጠራት ሃያ አንድ ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከፍራሽ ጋር አንድ ላይ። አሰልጣኟ ራሳቸው በወጣትነታቸው ተከላካይ የነበሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሚሰለፉትን ሲጠሩ የመቀርቀሪያ ጆሮ ጭው ብሎ ስለነበር፣ ተጠርታ እንደሆነ ያወቀችው ፍራሽ በክርኗ ስትጎሽማት ነው። ማልያውን ገልብጣ ለበሰች። አውልቃ ስትለብስ ደግሞ እጇ እጅጌው ውስጥ ጠፋባት።

ወጥተው ተሰለፉ። ሰው ሠራሹ ሣር ውሃ ጠጥቶ እንደ መስታወት ያበራል። መዝሙሩ ሲጀመር ከፍርሃት የተነሣ ቃላቱ ጠፉባት፤ ፊሽካው ሲነፋ ግን ፍርሃቱ ብን ብሎ ጠፋ። የመጀመሪያዋ ኳስ በቀኝ በኩል እየተፋጨች መጣች፤ ዱላዋን ዘርግታ ያዘቻት። ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ከክንዷ ተነሥቶ ጥርሷ ድረስ ገባ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አታውቅም። ያን ቀን የነካችውን ሁሉ አዳነች። አሰልጣኟ ሲወጡ በአጠገቧ አለፉና፣ «ነገም ነይ» አሏት። ከእሳቸው አፍ ይህ እንደ ሽልማት ነው።

ሦስት ዓመት እንዲህ በደስታ ዘለቀች። ሰማይ ላይ በረረች፣ የማታውቃቸው ከተሞች ሆቴል ውስጥ ከፍራሽ ጋር አንድ ክፍል እየተጋራች የጓደኛዋን ማንኮራፋት ቻለች። ከዚያ የአንድ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ መጣ።

እኩል ለእኩል ናቸው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ፍራሽ ወድቃለች፤ ጎሉ ባዶ ነው። ኳሱ ሲመጣ መቀርቀሪያ መስመሩ ላይ ብቻዋን ነበረች። ዱላዋን አወረደች፤ ኳሱ ግን ነጥሮ እግሯን መታ። ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፍታ ወደ ጎሉ ፊት ለፊት ጠቆመች፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ገባ። ተሸነፉ።

ማንም አልወቀሳትም። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሆኪ ቅጣት ኮርነር የሚባል አለ። አንዷ አጥቂ ከጎሉ ጎን ከመስመሩ ላይ ኳሱን ትገፋለች፤ ፊት ለፊት ራቅ ብላ ያለችው ታቆመዋለች፤ ሌላዋ ባላት ኃይል ትለቀዋለች። የሚከላከሉት በረኛዋና አራት ልጆች ብቻ ናቸው። ኳሱ ሲገፋ ከአራቱ አንዷ፣ ሯጭ የምትባለው፣ ከጎሉ ተፈትልካ በቀጥታ ወደ መቺዋ ትሮጣለች። ኳሱ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ እሷ ደግሞ የምትሮጠው ወደ እሱ ነው። ይህ የመቀርቀሪያ ሥራ ነበር። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ ወዲህ ግን ትነሣለች፣ መሀል ላይ እግሯ ይከብዳል፤ ኳሱ ሳይመጣ ፊቷን ታዞራለች።

አሰልጣኟ አዩ፣ ታገሡ፣ ደግመው አዩ። አንድ ቀን ልምምድ ሲያልቅ ጠሯት። «እግርሽ ይሮጣል፣ ልብሽ መስመሩ ላይ ቀርቷል» አሏት። «ልብሽን ይዘሽው ስትመጪ እንገናኛለን።»

ቤቷ ገባችና እናቷ ክፍል ውስጥ፣ በሰው መጋረጃ መሀል ቁጭ አለች። እናቷ ያን ቀን «አገባሽ?» አላለቻትም። መኪናውን አቁማ የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

ሁለት ዓመት ያለ ብሔራዊ ቡድን አለፈ። ክለቡን አልተወችም። ፍራሽ እንድትተውም አልፈቀደችላት። ከልምምድ በኋላ ሜዳው ላይ ታስቀራትና ወደ እሷ እንድትሮጥ እያደረገች ትወረውርባታለች፤ መጀመሪያ የተጠቀለለ ካልሲ፣ ቀጥሎ የቴኒስ ኳስ፣ ኋላ እውነተኛውን።

«ምን እያየሽ ነው የምትሮጪው?» አለቻት አንድ ቀን።

«ኳሱን ነዋ።»

«ለዚህ ነው የምትፈሪው። ኳሱን ተይው። የመቺዋን የግራ እግር እይ፤ ጣቷ ወዴት እንደዞረ። ሰው በዓይኑ ያታልላል፣ በትከሻው ያታልላል፣ በእግሩ ግን ማታለል አይችልም፤ ይወድቃላ።»

መቀርቀሪያ ሞከረችው። እግር ስታይ ኳሱን ለመፍራት ጊዜ አጣች። በሳምንቱ አምስት ኳስ አስቆመች፣ በሚቀጥለው ጎድኗን ተመታችና ሳቀች። የራጁ ልጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ፣ «አልተሰበረም። ምን ያስቅሻል?» አላት። «ፊቴን አላዞርኩም» አለችው። እሱም ሳቀ፤ ለምን እንደሆነ ባይገባውም።

ስልኩ የተደወለ ቀን አንድ ሽማግሌ የተሰበረ እጃቸውን ዘርግተውላት ጄሶ እያሰረች ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ።

«አንሺው እንጂ ልጄ፤ እኔ የት እሄዳለሁ» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎ አይሄዱም አባባ፣ ጄሶው ነው የሚሄደው። ይደርቅብኛል።»

አስራ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ መልሳ ደወለች። አሰልጣኟ ናቸው። ሰላምታም አላስቀደሙ። «ሯጬ ጉልበቷ ተጎዳ። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ቀርቧል። አሁንም ትፈሪያለሽ?»

መዋሸት አማራት፤ ግን እሳቸውን ማን ዋሽቷቸው ያውቃል። «እፈራለሁ» አለች፤ «ግን እሮጣለሁ።»

«ነገ ጠዋት ነይ» ብለው ዘጉት። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ፊቷን ያዩት ሽማግሌ፣ «የምሥራች ነው መሰለኝ» አሉ። የታሰረውን እጃቸውን ረስታ ልትጨብጣቸው ስትል ነው የደነገጡት።

የማጣሪያው የመጨረሻ ግጥሚያ እዚሁ ከተማቸው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆነ። ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይቀራል። አባቷ ተራውን ከሌላ ሹፌር ጋር ተቀያይሮ መጣ። እናቷም መጣች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጨዋታውን ሙሉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሰው በጮኸ ቁጥር ባሏን፣ «ገባ?» ትለዋለች። «አልገባም» ይላታል። «ተመስገን» ትላለች። የራሳቸው ቡድን አጥቂ ጎል ስታ ሰው ሲጮህም ተመስገን አለች፤ ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም።

ተጋጣሚዎቹ መዶሻ የሚሏት መቺ አላቸው። ኳስ ስትለቅ ድምፁ ከኳሱ በኋላ ነው የሚደርሰው ይላሉ። እነ መቀርቀሪያ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ጎል አገቡ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሁሉ ወደ እነሱ ጎል ዘነበ። አንድ ቅጣት ኮርነር ተሰጠ፤ መቀርቀሪያ ተፈተለከች፣ ኳሱ ዱላዋን መታና ሰማይ ወጣ። ሁለተኛ ተሰጠ፤ ጭኗን መታት፤ ዓይኗ ላይ ኮከብ ታየ፣ ግን ቆመች። ፍራሽ ከጎል ሆና፣ «አለሽ?» አለቻት። «አለሁ» አለች።

ሰዓቱ አለቀ ሲባል፣ ዳኛዋ አንድ የመጨረሻ ቅጣት ኮርነር ሰጠች። በሆኪ ሕግ ሰዓት ቢያልቅም ቅጣት ኮርነር ሳይመታ ጨዋታው አይዘጋም። አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመቀው።

አራቱ ልጆች ከመስመሩ ኋላ ሆኑ፤ የፊት መከላከያቸውን አጠበቁ። ፍራሽ ሳትዞር፣ «ግራው የእኔ ነው፣ ቀኙን አንቺ ዝጊ» አለቻት። ኳሱ ተገፋ። መቀርቀሪያ ወጣች። ሳንባዋ ይቃጠላል፣ ጭኗ ይጎትታታል፣ ዓይኗ ግን አንድ ቦታ ነው፤ የመዶሻ የግራ እግር። መዶሻ ክንዷን እስከ ጀርባዋ ሰበሰበች፤ ስታዲየሙ በሙሉ ልትመታ ነው አለ። እግሯ ግን ወደ ጎል አልዞረም። ጣቱ ወደ ጎን ያያል፤ አልፋ ለቆመችው ጓደኛዋ ልታቀብል ነው።

መቀርቀሪያ ለማሰብ አልቆመችም። ሩጫዋ መሀል ላይ አቅጣጫዋን ሰበረች፣ ራሷን እርጥቡ ሣር ላይ ጣለች፣ ዱላዋን በአንድ እጇ እስከመጨረሻው ዘረጋች። ቋ አለ። ኳሱ ከዱላዋ ጫፍ ተፈናጥሮ፣ ከጎሉ ፊት ከተሰመረው ክብ ወጥቶ፣ ራቅ ብሎ ሄደ። ፊሽካው ተነፋ። አለቀ፤ አለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አታስታውሰውም። ፍራሽ ከነሙሉ ስፖንጇ ላይዋ ላይ ወደቀችባትና አየር አጣች። አሰልጣኟ እየሮጡ መጡ፤ እሳቸው ሲሮጡ ማንም አይቶ አያውቅም። እናቷ ከነጠላዋ ሥር ወጥታ፣ «ገባ?» አለች። አባቷ እያለቀሰ፣ «አልገባም፤ ልጅሽ አላስገባችውም» አላት።

ዓለም ዋንጫው ላይ ዋንጫ አላመጡም። ሁለት አሸነፉ፣ ሁለት ተሸነፉ፣ አንዱን አቻ ወጡ። ግን ከተሸነፉባቸው በአንዱ፣ ሁሉም ለማጥቃት በወጣበት የመጨረሻ ደቂቃ፣ ኳሱ ከዱላ ዱላ ተላግቶ መቀርቀሪያ ፊት መጣ። ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ዓይኗን ጨፍና መታችው። መረቡ ተንቀጠቀጠ። ጓደኞቿ ጎሉን ከማክበር ይልቅ መሬት ላይ ተንከባለው ሳቁባት። ያንኑ ቀን ቤት ደወለች።

«እማዬ፣ አገባሁ» አለች።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። እናቷ፣ «ማንን?» አለች።

«ጎል ነው እማዬ። ጎል።»

«እ፣ ጎል። ጎበዝ» አለች እናቷ፤ ቅር እንዳላት ያስታውቃል። «እኔማ ያ የራጁ ልጅ መስሎኝ። ሲመጣ ሲሄድ መጋረጃ ላሠራ ይላል፤ ክፍሉ ግን መስኮት የለውም አሉ።»

በዓመቱ ከራጁ ልጅ ጋር ተጋቡ። ሠርጉ ላይ ፍራሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔን ሳያልፍ የሚገባ የለም» እያለች እንግዳ አስቸገረች።

መቀርቀሪያ ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት ተጫወተች፤ ሦስቱን በአምበልነት። ወልዳም ተመለሰች። የመጨረሻ ጨዋታዋን ስትጨርስ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች፤ በማግስቱ ጠዋት ጄሶ ክፍሏ ገብታ አንድ ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ እግር አሰረች። ሰውየው አውቋት፣ «ያቺ ኳስ ጭንሽን የመታችሽ ቀን እኮ እኔ ነበርኩ የጮህኩት» አላት። እሷም፣ «ከጮኸው ሁሉ መሀል ድምፅህን ለይቻለሁ» አለችው፤ ሰውየው እግሩን ረሳ።

አሁን ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍራሽ ጋር የክለቡን ተከላካዮችና በረኞች ታሠለጥናለች። ዘንድሮ ከሚያሠለጥኗቸው ልጆች ሁለቱ ብሔራዊ ቡድን ተጠሩ። የሄዱ ዕለት ሁለቱ ሴቶች ሊሸኟቸው አየር ማረፊያ ድረስ ሄዱ። ልጆቹ ከፍተሻው ወዲያ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲሰወሩ፣ ፍራሽ፣ «ረጅሟ ትበልጣለች» አለች።

«ረጅሟ ኳሱን ታያለች። አጭሯ እግር ታያለች» አለች መቀርቀሪያ።

«እግር ማየት ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺንስ?»

እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከራከሩ። መኪናው የት እንደቆመ ስለጠፋቸው፣ እየፈለጉም ተከራከሩ።